ወርቃ ድረስ፣ ክርስትና ላነሳ

ከጌዴኦ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። መሥሪያ ቤትም ሰፈርም ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ክርስትናው እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ደህና ነበር» ብዬ አልፋለሁ። በአፍ መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ እስክመለስ ያለውን ቀን በቀን ጻፍኩት። ወደዚያ አገር መሄድ ለማይገጥመው ሰው መንገዱን ያሳየው ይሆናል። እኔን እስክሪብቶ ያስያዘኝ ግን ሐሙስ ቀን ያደረግኩት ነገር ነው።

ምንትዋብ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አራት ዓመት አንድ ዶርም ያደርን ጓደኛዬ ናት። እንደኔው የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። የክፍላችንን ልጅ ኤልያስን አግብታ አገሩ ወርቃ ገባች። ወርቃ በጌዴኦ ዞን ከዲላ በስተደቡብ ያለ የቡና አገር ነው፤ ኤልያስ እዚያ ያስተምራል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ሊያ አሏት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያው ጥቅምት ውስጥ፣ እሑድ ቀን ይውል ነበር። ክርስትና እናቷ እኔ እንድሆን ተወሰነ።

የኤልያስ አባት፣ አባባ በራሶ፣ ጴንጤ ናቸው። በእሳቸው እምነት ሰው የሚጠመቀው ነፍስ አውቆ፣ በራሱ አፍ መስክሮ ነው። ምንትዋብ በስልክ «አይቃወሙም፤ አያምኑበትም ብቻ» ብላኝ ነበር። ሌላም ነገር ነግራኝ ስቀናል። አባባ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እሷን ራሷን «ምንትዋብ፣ ራትህን ብላ» ይሏታል። ይህን ከመነሳቴ በፊት አውቅ ነበር።

ረቡዕ

ከቤት የወጣሁት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጥቅምት ውርጭ ጣት ይቆርጣል። እናቴ ለልጅቷ የገመደችውን ማዕተብ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና በቦርሳዬ የውስጥ ኪስ አደረግኩት።

አዲስ አበባ መናኸሪያ ስደርስ የሐዋሳው ሰልፍ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አፍሬ፣ ረጅሙ ይሆናል ብዬ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከቆምኩ በኋላ ፊቴ ያለችው ሴትዮ አሰላ እንደምትሄድ ለጓደኛዋ ስትነግር ሰማሁ። ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁ። ያኔም ቢሆን የዳንኩት ጠይቄ አይደለም፤ አንድ ረዳት ሻንጣዬን አይቶ «እህቴ፣ የት ነሽ?» ስላለኝ ነው።

ከሞጆ በኋላ አገሩ ሜዳ ሆኖ ይሞቃል። ሹራቤን ዝዋይ ላይ አወለቅኩ፣ የውስጡን ደግሞ ሻሸመኔ ላይ። መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን በሣጥን ተደርድሯል፤ እኛ ጋ በዚህ ወር መንገድ ዳር የሚታየው የገብስ ክምር ነው። ማታ ሐዋሳ አደርኩ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ከየት እንደመጣሁ ስትሰማ ሄዳ አጎበር ይዛልኝ መጣች። «የደጋ ሰው ደም ለቢንቢ ይጣፍጣታል» አለችና ራሷ አልጋው ላይ ወጥታ ሰቀለችልኝ። እስካሁን ድረስ ከዚያ ጉዞ ሳልሳቀቅ የማስታውሰው የእሷን ነገር ነው።

ሐሙስ

ጠዋት የዲላ ሚኒባስ ያዝኩ። ከይርጋለም መገንጠያ ወዲያ ምድሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቤቱም ማሳውም ከሩቅ ተለይቶ ይታያል። እዚህ ግን ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ከትልልቁ ዛፍ ሥር ሆኖ፣ ሰው የለበትም ባሉት ጫካ መሐል ጭስ ብቅ ይላል።

አለታ ወንዶን እንዳለፍን ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አንተ የምንትዋብ ጓደኛ ነህ?»

አባባ በራሶ መሆናቸውን ወዲያው አወቅኩ። ነፋስ ይሰማል፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«ልጁ ታሟል» አሉኝ። «በጣም ታሟል። መኪና ይዘህ ና።»

ሚኒባሱ ሙሉ ነው፣ ዘፈኑ ተለቋል። ለመሰማት መጮህ ነበረብኝ። የጮህኩ እንደሆነ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። «እሺ አባባ፣ እመጣለሁ» አልኩ በቀስታ። «ሰማህ?» አሉ። ሰምቻለሁ አልኳቸው። ስልኩ ተቋረጠ።

እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ልጃቸው ኤልያስ ታሟል፣ እኔም ስመጣ በሞተር ሳይክል ሳይሆን መኪና ተሳፍሬ እንድመጣ ይፈልጋሉ። የሰው ባል ሕመም ምን እንደሆነ መጠየቅም ነውር መሰለኝ። ምንትዋብ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። የኤልያስም ዝግ ነው። መብራት ከጠፋ ሰነባብቷል ብላኝ ስለነበር አልደነቀኝም። በመጣበት ቁጥር መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ዲላ ስድስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ መንገዱ ደረቅ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች «ይርጋጨፌ! ጨለለቅቱ!» እያሉ ይጠራሉ። ቆሜ አሰብኩ። የታመመ ሰው ቤት አመሻሽ ላይ ዱብ ብል ማን ያስተናግደኛል? አባትየው ከታመመ ክርስትናውም ሊዘገይ ይችላል። እዚህ ልደርና ነገ በጠዋት ልሂድ። ሁሉን ነገር አመዛዝኜ የወሰንኩ መስሎኝ ነበር።

ዲላ ለደብረ ብርሃን ሰው ሞቃት ናት። ዳገትና ቁልቁለት፣ ባጃጅ፣ በየበሩ አቮካዶ። ገበያ ወርጄ ለሊያ ነጭ ቀሚስ ገዛሁ። ባለሱቋ ቀሚሱን እያጠፈች «ለሰማንያ ነው?» አለችኝ። «ክርስትና እናት አንቺ ከሆንሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ የእኔን ልጅ ያነሳችው ስታንሾካሹክ ቄሱ ሦስት ጊዜ አስደገሟት» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ለበሽተኛው፣ ለኤልያስ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ገዛሁ።

ዝናቡ የጀመረው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኛ ጋ እንደሚዘንበው አይደለም። የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ ቡና ለቃሚዎቹን አሰብኩ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አርብ

ዝናቡ ቢቀንስም አልቆመም። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በጪጩ አድርጎ፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፎ ጨለለቅቱ አደረሰኝ። በየደረሰበት ሰው ቀይ ቡና በጆንያ ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ይሄዳል። የሚፈላው የቡና ገለፈት ሽታ መስኮት ቢዘጋም ይገባል፤ ጠላ ተደፍቶ የዋለበትን ቤት ይመስላል። ከጨለለቅቱ ወደ ወርቃ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መኪናው ቆመ። ዳገቱ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ሌሊት ነው የተናደው። ከነሥሩ የመጡ የቡና ዛፎች ፍሬያቸውን እንደያዙ ጭቃው ላይ ቆመዋል፤ የማያውቅ ሰው እዚያው የተተከሉ ይመስለዋል። ሾፌሩ ከዚህ ወዲያ በእግር ነው ብሎ አወረደን። ከኋላው ሌላ ናዳ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዞሮ ሄደ።

ሰው ጫማውን እያወለቀ ተሻገረ። እኔ መሐል ላይ ሰጠምኩና አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ከኋላዬ የነበረች ጆንያ የተሸከመች ሴት ሸክሟን ሳታወርድ በአንድ እጇ ጎትታ አወጣችኝ። ማዶ ስንደርስ አንድ ሰው ቁልቁል እየሮጠ መጣ። ኤልያስ ነው። በሁለት እግሩ የቆመ፣ ጤነኛ ኤልያስ።

«ተሻለህ?» አልኩት።

እሱ የሚያየው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ነው። «መኪናውስ?» አለኝ።

«የቱ መኪና?»

«ይዘሽ የመጣሽው።»

«የሕዝብ ነው። ተመለሰ።»

ኤልያስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሐሙስ ጠዋት ሊያ መተንፈስ እንዳቃታት፣ ጤና ጣቢያ ሳንባዋ ነው ብለው ወደ ዲላ እንደጻፉላት፣ ወርቃ በዚያ ቀን አንድም መኪና እንዳልነበረ ነገረኝ። እኔ ዲላ እንደምደርስ ስላወቁ አባባ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ደወሉልኝ። መኪና ተከራይቼ ይዤ እንድመጣ። «እስከ ማታ መንገድ ዳር ጠበቅንሽ» አለ። ለምን አልደረስሽም አላለኝም። ዲላ አድሬ ነው አልኩ እንጂ ምን እንደሰማሁ አልነገርኩትም። የብርቱካኑ ፌስታል እጄ ላይ ነበር።

ተነሳና፣ ጨለለቅቱ ድረስ በእግሩ ሄዶ መኪና እንደሚፈልግ፣ ነገ ጠዋት ከናዳው ማዶ ይዞ እንደሚቆም፣ ልጅቷን ይዘን እንድንወርድ ነግሮኝ ወደ ጭቃው ገባ። ጆንያ የተሸከመችው ሴት ጫማዋን ሰጥታኝ በባዶ እግሯ ቤቱ ድረስ ወሰደችኝ።

ምንትዋብ «መጣሽ» አለችኝ። ሊያ እቅፏ ውስጥ ናት። ትንሽ ልጅ እንዲህ ሲተነፍስ አይቼ አላውቅም። በየትንፋሹ የጎኗ አጥንት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይሰፋል። አታለቅስም፤ ለማልቀስ የሚሆን አየር አልነበራትም። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል፤ በጌዴኦኛ ይጸልያሉ። አባባ በራሶ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። በጎረቤት አሠርተው ያቆዩልኝን ቆጮና ጎመን ፊቴ አስቀመጡና «ጾም ነው አይደል? ቅቤ የለውም። ብላ» አሉኝ። እያዩኝ ስለነበር በላሁ።

ያን ጊዜ ነው ምንትዋብ የተናገረችው። «ነገ ስንወርድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ነው የምናልፈው። ሳትጠመቅ ይዤያት አላልፍም።»

አባባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ሕፃን ኃጢአት የለውም» አሉ በቀስታ። «እግዜር አይጠይቀውም። ይቀበለዋል።»

«አውቃለሁ አባባ» አለች። «ግን ስም ይኑራት።»

 አባባ ተነሥተው ጃንጥላቸውን ያዙና ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ሲመለሱ እስከ ወገባቸው ርሰዋል። «ቄሱ እሺ አለ፤ በጠዋት» አሉ።

ቅዳሜ

ሳይነጋጋ ወጣን። ምንትዋብ ሊያን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ አባባ ከኋላ ኮታቸው ውስጥ አንድ ነገር ደብቀው ይከተላሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ደረስን። ምንትዋብ በሩ ላይ ቆመች። ሴት የወለደች እናት ሰማንያዋ ሳይሞላ ደጁን አታልፍም፤ ያ ቀን ሰባ ዘጠነኛው ነው። ልጅቷን ለእኔ ሰጠችኝ።

አባባ ኮታቸውን ከፍተው ፔርሙዝ አወጡ። «ውሃው ይበርዳል» አሉና በሌላው እጄ አስያዙኝ። ከዚያ ጃንጥላቸውን በምንትዋብ ራስ ላይ ዘርግተው ቆሙ።

ቄሱ ወጥተው የልጁ ክርስትና አባት ማን እንደሆነ አባባን ጠየቋቸው። አባባ «እኔ አይደለሁም። እሱ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ቄሱ ወንድ ፈልገው ከኋላዬ አዩ።

ክርስትና ቤት ገብተን ጋቢውን ስፈታ «ሴት ናት እንዴ?» አሉ ቄሱ። ናት አልኩ። «ስንት ቀኗ ነው?» ሰባ ዘጠኝ አልኩ። እጃቸው ላይ ያለ ቁራጭ ወረቀት አሳዩኝ፤ ወልደ ሚካኤል ይላል። «ሰውየው ልጁ ታሟል ስላሉኝ ወንድ መስሎኝ ነው። አርባው ካለፈ ምን ቸገረኝ ብዬ ነው የተነሣሁት» አሉ።

ልጁ ታሟል። ለእሳቸውም የተነገራቸው ያው ቃል ነው። እሳቸው ግን ተነሥተዋል።

ቄሱ ወደ ልጅቷ ጎን ተመለከቱ። አጥንቱ ይሰረጉዳል። «ለታመመ ቀን አይቆጠርም» አሉና «ወልደ» የሚለውን ሰርዘው «ወለተ» ብለው ጻፉ። የፔርሙዙን ውሃ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ገንዳው ጨመሩት።

ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ሰይጣንን እክድሃለሁ በይ አሉ። አልኩ። «አልሰማሁሽም፤ የምትናገሪው ለእሷ ነው» አሉኝ። እንደገና አልኩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አምናለሁ ስል ድምፄ ግድግዳው ላይ ተመልሶ መጣ። በር ላይ ያለችው ምንትዋብ እንደሰማችው በኋላ ነግራኛለች። ስለ ጥምቀት ብዙ አንብቤአለሁ። ዳግም ልደት መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም መሆኑን ፈተና ላይ ብጠየቅ እጽፈው ነበር። ልጁ ራሱ መናገር ስለማይችል ሌላ ሰው አፍ አውጥቶ እንደሚናገርለትም አውቅ ነበር። ያንን ግን ከሁለት ቀን በፊት፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ ቃል ብቻ ሲፈለግብኝ አላደረግኩትም።

ውሃው ሦስት ጊዜ ሲወርድባት ሊያ ዓይኗን ገለጠች። ሜሮን ተቀባች። ማዕተቡን አሰርኩላት። ቀሚሱ ሰፍቷት እጇ ጠፋ።

በሩ ላይ ምንትዋብ «ማን ተባለች?» አለችኝ። ነገርኳት። ጎንበስ ብላ «ወለተ ሚካኤል» አለች በጆሮዋ። አባባ ባዶውን ፔርሙዝ ከእጄ ተቀበሉኝ። «እኔ ስጠመቅ በራሴ አፍ ተናገርኩ» አሉ። «ይህ አፍ የለውም። አንተ አፍ ሆንከው።» ማመስገናቸው ነበር። ወደ መሬት አየሁ።

ወደ ናዳው ወረድን። ከመጨረሻው ኩርባ ላይ ማዶው ይታያል። ኤልያስ ነጭ መኪና አጠገብ ቆሟል፣ የኋላ በሩ ተከፍቷል። እጁን አወዛወዘልን። ምንትዋብ ግን ቆማ ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። «አባባ» አለች። እሳቸው እጃቸውን አስገብተው የልጅቷን ደረት ነኩ፤ ብዙ ቆዩ። ኤልያስ እጁን ማወዛወዝ አቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ እኛ ድረስ ተሰማ።

እሑድ

ሰማንያኛው ቀን ነው። ምንትዋብ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን በር አለፈች፤ ከፊቷ ኤልያስ ትንሹን ሣጥን ይዞ ነበር። ሊያ ነጩን ቀሚስ ለብሳለች። ቄሱ ባትጠመቅ ኖሮ ቦታዋ ከአጥሩ ውጭ ይሆን እንደነበር ነገሩን። ለማጽናናት ብለው ነው። እውነትም ለምንትዋብ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሳታለቅስ ያደመጠችው ያንን ብቻ ነው። የአባባ ሰዎች ከበሩ ውጭ ቆመው በቋንቋቸው በቀስታ ዘመሩ። አባባ ብቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ ጉድጓዱ ገቡ። እኛ አገር ለቀስተኛ ደረት ይመታል፤ እዚያ የሰማሁት ዝማሬውንና የአካፋውን ድምፅ ነው።

ሰኞ

አባባ ቦርሳዬን ተሸክመው እስከ ናዳው ሸኙኝ። ጭቃው ጠንክሮ የእግር መንገድ ወጥቶለታል። ሦስት ቀን ሙሉ የያዝኩትን እዚያ ተናገርኩ። ሲደውሉልኝ የታመመው ኤልያስ መስሎኝ ነው፣ መኪናም ተሳፍረሽ ነይ ያሉኝ መስሎኝ ነው፣ ስለዚህ ዲላ አደርኩ አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር።

አባባ ቆሙ። «ምን አልኩህ?»

«ልጁ ታሟል አሉኝ።»

«ልጁ ታሟል» አሉ። ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። «እንዴት ነው የሚባለው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። «ልጅቷ ታማለች» አልኩ።

«ልጅቷ ታማለች» አሉ እንደ ተማሪ። «ታማለች።»  ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ አልኳቸው፤ የሰሙኝ አይመስለኝም። ቦርሳዬን ሰጡኝ። ማዶ ተሻግሬ ዞሬ ሳይ አሁንም ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የራሴን ሸክም አወርዳለሁ ብዬ በማን ላይ እንደጫንኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

ማክሰኞ ማታ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ውርጩ እንዳለ ነው። እናቴ በሩን ስትከፍትልኝ ስልኬ ጠራ። ነፋስ ይሰማል፤ ኮረብታው ላይ ወጥተዋል ማለት ነው።

«ደርሰሻል?» አሉኝ። እያንዳንዱን ፊደል ለይተው፣ ቀስ ብለው፣ ሳይሳሳቱ።

«ደርሻለሁ አባባ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አንተ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።